ወረቀቱ «ኖርማል» ይላል፣ ወለላ ግን እየከሳች ነው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ የላክሽውን የላብራቶሪ ወረቀት ደግሞ ሦስቴ አየሁት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ ቀጥሎ ግን ተናደድኩ፣ ለምን እንደሆነ ቆይ እነግርሻለሁ።

ሌላም ሰው ስለሚያነበው ያልሽውን ባጭሩ ልድገመው። ሱሉልታ ያሉት እናትሽ ወለላ የምትባል 13 ዓመት የሞላት ድመት አለቻቸው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እየከሳች ነው፣ 4.6 ኪሎ የነበረችው አሁን 3.1 ሆናለች፣ ግን አልበላም ብላ አይደለም፣ እንደውም የሰው ሳህን ላይ እስክትወጣ ድረስ ነው የምትበላው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ታስመልሳለች፣ ውሃ ታበዛለች፣ ሌሊት ሳሎን መሀል ቆማ ትጮሃለች። አንዱ ጎረቤት አብዳለች አስወግዷት ይላል፣ ሌላው ትል ነው ብሎ መድኃኒት ተሰጣት ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንቺ ደም አስቀድተሽ ከተማ የሰው ላብራቶሪ ወሰድሽው፣ ታይሮይዷ ኖርማል ነው ተባልሽ። ነርስ የሆነችው ጎረቤታችሁ ግን ወረቀቱን አይታ «ቲኤስኤቹ፣ ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን፣ ዝቅ ብሏል፣ እናቴ ለእንቅርት የምትወስደውን ፒቲዩ የሚባል ክኒን ግማሽ ግማሽ ስጧት» አለች። የጠየቅሽው እርጅና ነው ወይስ በሽታ፣ ፒቲዩውንስ እንስጣት ወይ ነው።

ሳላያት መቶ በመቶ አልልሽም ግን በሽታ ነው ብዬ ነው የማስበው፣ የታይሮይድ እጢዋ ከልክ በላይ እየሠራ ነው። ፒቲዩውን ግን እንዳትሰጧት፣ ከሰጣችኋትም ዛሬውኑ አቁሙ።

አሁን ወረቀቱን አጉልተሽ እይው። ስም ወለላ፣ ጾታ ሴት፣ ዕድሜ 13። አየሽ? ላብራቶሪው ወለላን የ13 ዓመት ልጃገረድ አድርጎ ነው የመዘገባት! ማሽኑ ቲፎሯን፣ ታይሮይድ የሚያመርተውን ሆርሞን፣ ለክቶ 9.6 ማይክሮግራም በዴሲሊትር አለ፣ አጠገቡ የተጻፈው የኖርማል ክልል ከ5.1 እስከ 14.1 ነው፣ በቃ ኖርማል ብሎ አተመው። ለሰው ከሆነ ልክ ነው። የድመት ክልል ግን እንደየላብራቶሪው ትንሽ ይለያይ እንጂ ከ1 እስከ 4 አካባቢ ነው፣ ስለዚ የወለላ ቁጥር ለድመት ከተፈቀደው ጣሪያ ሁለት እጥፍ አልፎ ሄዷል። በናኖሞል የሚጽፍ ላብራቶሪ ካጋጠመሽ በ12.87 አባዢው፣ 124 ናኖሞል በሊትር አካባቢ ማለት ነው፣ የድመት ጣሪያ እዛ ላይ 50 ገደማ ነው።

ማሽኑ ራሱ አልዋሸም እኮ። ቲፎር የሚባለው ሆርሞን በሰውም በድመትም አንድ ዓይነት ነው፣ ስለዚ የሰው ማሽን ሊለካው ይችላል፣ በተለይ እንዲህ ከፍ ያለ ሲሆን። ስህተቱ ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ቁጥሩን ያነበቡበት ሠንጠረዥ ላይ ነው። ቲኤስኤች ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱ ፕሮቲን ስለሆነ ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፣ ለሰው የተሠራው ምርመራ የድመትን ቲኤስኤች አይቶ አያውቀውም፣ ጤነኛ ድመት ብትወስጂለትም ዝቅ ያለ ነው የሚልሽ። ለድመት የሚያገለግለው ለውሻ ተብሎ የተዘጋጀው ምርመራ ነው። ስለዚ ጎረቤታችሁ በተሳሳተ መንገድ ሄዳ ትክክለኛው በር ላይ ነው የደረሰችው፣ አልወቅሳትም፣ ለሰው ቢሆን ኖሮ አነባበቧ ትክክል ነበር። የኩላሊት መለኪያ የሆነው ክሬቲኒኗ 1.3 ሆኖ በቀይ ከፍተኛ ተብሎ የተጻፈውም ያው ነው፣ ለልጃገረድ ከፍ ያለ ነው፣ ለድመት እስከ 1.6 ድረስ ብዙ አያስደነግጥም። ኩላሊቱን ግን እንዳትረሺው፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ኤኤልቲው 168 ሆኖ ጉበቷ ተጎድቷል ተብለሽ ከነበረ ደግሞ፣ ታይሮይዳቸው የበዛ ድመቶች አብዛኞቹ የጉበት ኢንዛይማቸው ከፍ ይላል፣ ታይሮይዱ ሲስተካከል ብዙውን ጊዜ አብሮ ይወርዳል።

በሽታው ምንድነው ካልሽኝ፣ ታይሮይድ አንገት ላይ ከአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ የተጋደሙ ሁለት ትንንሽ ቁርጥራጮች ናቸው፣ ሥራቸው የሰውነትን ፍጥነት መወሰን ነው፣ እንደ መኪና ነዳጅ መርገጫ በይው። በዕድሜ የገፋች ድመት ላይ እጢው ያብጥና ማንንም ሳይሰማ በራሱ ሆርሞን ማምረት ይጀምራል፣ መርገጫው ተረግጦ እንደቀረ ማለት ነው። የበላችው ሁሉ ይቃጠላል፣ ከዛ የራሷን ጡንቻ መብላት ትጀምራለች፣ ልብ ይሮጣል፣ አንጀት ይሮጣል፣ እንቅልፍ የለም። ድመቶች ላይ በሽታው በደንብ ተለይቶ የተገለጸው በ1979 ኒውዮርክ ውስጥ ነው፣ ዛሬ በአሮጌ ድመቶች ላይ ከሚታዩት የሆርሞን በሽታዎች በብዛት አንደኛ ነው። መነሻው እስካሁን አልተቋጨም፣ የቆርቆሮ ምግብ ይጠረጠራል፣ የቤት ዕቃ እሳት እንዳይዘው የሚቀቡት ኬሚካል ይጠረጠራል፣ አዮዲን መብዛት ማነሱም ይነሳል። እጢ ሲባል እናትሽ ካንሰር ነው ብለው እንዳይደነግጡ፣ ከመቶ 97 እና 98 የሚሆነው ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው። እኛ ሀገር በሰው ላይ ከምናውቀው እንቅርት ጋርም አታምታቱት፣ ያኛው አዮዲን ሲያንስ እጢው የሚያብጥበት ነው፣ ለወለላ አዮዲን ያለው ጨው ብትጨምሩላት የሚሻላት ነገር የለም።

ሳቄ መጣ ያልኩሽ በልጃገረዷ ነው፣ የተናደድኩት ግን በራሴ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ቡራዩ አካባቢ አንድ አባት አሮጌ ድመት በአገልግል ይዘው መጡ፣ ትበላለች ግን ትከሳለች አሉኝ፣ እኔ ትል ነው አልኩ። በሁለት ሳምንት ተመለሱ፣ ሌላ የትል መድኃኒት። ተመለሱ፣ ቫይታሚን ወጋኋት። ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡ ድመቷን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እጄን ደረቷ ሥር ሳስገባ ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል፣ በ15 ሰከንድ 62 ቆጠርኩ፣ በደቂቃ 248 ማለት ነው። በሦስቱ ጉብኝት አንድ ቀን እንኳ እጄን እዛ አላስገባሁም ነበር፣ አንገቷንም አልዳሰስኩም። ብዙም አልቆየችም። ከዛ ወዲህ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነች የከሳች ድመት ከመጣች ከምንም በፊት አንገት ነው የምይዘው።

አብዳለች የሚሉትን ጎረቤት ግን አትናቁት፣ እኛ ሀገር የእብድ ውሻ በሽታ ያለበት አገር ነው፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አስቢው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ድመት የምትቆየው ቀናት ነው፣ ወራት አይደለም። ወለላ ከክረምት ጀምሮ እየጮኸች፣ እየበላች፣ ውሃ እየጠጣች፣ እናትሽ እግር ሥር እየተኛች ነው። ይሄ እብደት አይደለም። ክትባቷ ካለፈ ግን አሁኑኑ ሐኪሙ ይከትባት፣ ለሷም ለእናትሽም ለጎረቤት አፍም ይጠቅማል። የትል መድኃኒቱን በተመለከተ ደግሞ ለበግና ለከብት የሚሰጠው አልቤንዳዞል ከሆነ የሰጣችኋት አትድገሙት፣ ድመት ላይ መቅኔን ሊጎዳ ይችላል፣ ደም ሴሎቿ ይወርዳሉ።

አንድ የጻፍሽው ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፣ «ድሮ ከምድጃው አትለይም ነበር፣ አሁን ሲሚንቶው ላይ ነው የምትተኛው» ብለሻል። የሱሉልታ ብርድ ላይ አጥንቷ የወጣ የ13 ዓመት ድመት እሳት ትታ ሲሚንቶ የምትመርጠው ውስጧ ስለሚነድ ነው። ይህቺን ነገር ለሐኪሙ ንገሪው።

ምን ይደረግ? መጀመሪያ አንገቷ ይዳሰስ። ሐኪሙ ከኋላዋ ሆኖ አገጯን ቀና ያደርግና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ የአየር ቧንቧውን ግራና ቀኝ ይዞ ከማንቁርቷ ጀምሮ በቀስታ ወደ ደረቷ መግቢያ ይንሸራተታል፣ ጤነኛ ታይሮይድ በእጅ አይገኝም፣ ያበጠ ከሆነ ግን አንዲት ነገር ከጣት ሥር ሸርተት ትላለች፣ ምስር የምታህልም አለች፣ ባቄላ የምታህልም አለች። አንዳንዴ ከክብደቱ የተነሳ ወደ ደረት ውስጥ ስለሚወርድ ላይገኝ ይችላል፣ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። አንቺ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው፣ ስትታነቅ ትቧጭርሻለች፣ ደግሞ የልቧ ነገር ስላለ ባታስጨንቋት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ምናልባት ጥያቄው ይገርምሽ ይሆናል። እናትሽ ለወለላ ሳንባ ይገዙላታል ብለሻል። ከነጉሮሮው ነው? እኛ ጋ ሥጋ ቤት ሳንባ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ከአየር ቧንቧው ጋር ተንጠልጥሎ ነው፣ የከብቱ ታይሮይድ ደግሞ ከጉሮሮው ጫፍ ተለጥፎ ሊቀር ይችላል። የጉሮሮ ሥጋ የሚበሉ ውሾች ላይ በደንብ የታወቀ ነገር ነው፣ የከብቱን ሆርሞን በልተው የራሳቸው ታይሮይድ የበዛ መስሎ በደማቸው ይታያል፣ ሰዎችም ላይ ታይሮይድ የተቀላቀለበት የተፈጨ ሥጋ በልተው ይሄው ደርሶባቸዋል። ድመትም ብትበላው መንገዱ ያው ነው። ልዩነቱን አንገቷ ይናገራል፣ ሆርሞኑ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የራሷ እጢ ሥራ ፈትቶ ይሟሽሻል እንጂ አያብጥም። ስለዚ ጉሮሮውን ከዛሬ ጀምሮ አስቀሩት፣ ሳንባውን ብቻ ቆርጠው ይስጧችሁ፣ ሐኪሙ እብጠት ካላገኘ ደግሞ መድኃኒት ከመጀመር በፊት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቲፎሯ ይደገም። እብጠት ካገኘ ግን አትጠብቁ፣ በሽታው የራሷ ነው።

ሌሎች በሽታዎችም ስላሉ በአንድ ቲፎር ብቻ አትቁሙ። ስኳር እንዲሁ ያስበላል ያከሳል ውሃ ያስጠጣል፣ እሱን ሽንት ላይ በአንዲት ስትሪፕ ታዩታላችሁ፣ የደም ስኳር ብቻ ድመት ላይ ያታልላል ምክንያቱም በመርፌ ስትወጋ በንዴት ብቻ ይወጣል። ሽንቷን እንዴት እንይዛለን አትበዪኝ፣ የምትጠቀምበትን አሸዋ አንስተሽ ባዶ ሳፋ ውስጥ ጥቂት የታጠበ ጠጠር አድርጊላት፣ ስትሸና በሲሪንጅ ትስቢዋለሽ። የአንጀት በሽታም አለ፣ የአንጀት ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር አሮጌ ድመት ላይ ልክ እንደዚህ ይመስላል፣ ታይሮይዷ ተስተካክሎ ክብደት ካልጨመረች ያኔ እሱን እንፈልጋለን። ጥርሷም ይታይ።

አሁን ኩላሊት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ቃል በቃል ለነዚህ ድመቶች የተባለ ነው የሚመስለው። ታይሮይድ ሲበዛ ልብ በኃይል ስለሚገፋ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይበዛል፣ ኩላሊቱ ደክሞ እንኳ ቢሆን በጉልበት እየታጠበ ይሠራል፣ ክሬቲኒን ላይም ጡንቻዋ ስላለቀ ቁጥሩ ያንሳል። ስለዚ የወለላ 1.3 አሁን ጥሩ ቢመስልም የተሸፈነ ነገር ሊኖር ይችላል፣ ታይሮይዱን በመድኃኒት ስናወርደው መሸፈኛው ይነሳና ኩላሊቷ የነበረበት ሁኔታ ይታያል። መድኃኒቱ ኩላሊቷን ገደለው የሚል ሰው ይመጣል ያኔ፣ አትስሚው፣ መድኃኒቱ ገለጠው እንጂ አላመጣውም። ግን ለዚህ ብለን ሳናክም አንተዋትም፣ ያልታከመ ታይሮይድ ራሱ ኩላሊቱንም ልቡንም ይጨርሰዋል። የምናደርገው ቀስ ብሎ መጀመር ነው። ሽንቷ ምን ያህል እንደጠነከረ የሚያሳየውን ልኬት፣ ስፔሲፊክ ግራቪቲ የሚባለውን፣ አስለኩ፣ ከ1.035 በላይ ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ከዛ በታች ከሆነ ጥንቃቄ እንጨምራለን።

ግፊትም ይለካ። የሰው ክንድ ላይ የሚታሰረው ማሽን ለድመት አይሆንም፣ ለሕፃን የምትሆን ትንሽ ማሰሪያና የደሙን ፍሰት በድምፅ የሚያሰማው ዶፕለር ያስፈልጋል። ከ160 በላይ ተደጋግሞ ከተገኘ አምሎዲፒን የሚባለው የሰው ክኒን በትንሹ ተሰባብሮ ይሰጣል፣ 0.625 ሚሊግራም ነው የሚጀመረው፣ ያው የ5ቱ ክኒን አንድ ስምንተኛ። መለኪያው ከሌለ ቢያንስ ዓይኗን እዩ። የዓይኗ ጥቁሩ በፀሐይ እንኳ ተበርግዶ ከቀረ ወይ ግድግዳ መጋጨት ከጀመረች ግፊቱ የዓይኗን መጋረጃ ነቅሎታል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ያን ቀን ጠዋት ካያችሁ ማታ ሐኪም ጋ መድረስ አለባት፣ ለነገ አይባልም።

ፒቲዩውን ለምን እንደከለከልኩ ከጠየቅሽ። ለሰው ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ድመቶች ላይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተሞክሯል፣ ግን የድመቷ ሰውነት የራሷን ቀይ ደም ሴልና ፕሌትሌት እንዲያጠፋ እያደረገ ብዙ ድመት ስለጎዳ ነው የተተወው። ድዷ ነጭ ሆኖ፣ ቆዳዋ ሥር ደም ፈሶ ነው የምታገኟት። ስለዚ ግማሽም ሩብም የለም።

የሚሰጠው ሜቲማዞል ነው፣ በአንዳንድ ካርቶን ላይ ታያማዞል ተብሎ ይጻፋል አንድ ነው። ወይ ደግሞ ካርቢማዞል፣ እሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሜቲማዞል የሚቀየር ነው ግን ሚሊግራሙ እኩል አይደለም፣ 5 ሚሊግራም ካርቢማዞል 3 ገደማ ሜቲማዞል ነው፣ ፋርማሲው አንዱን በአንዱ ቀይሮ ከሰጣችሁ ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትጀምሩ። የተለመደው መነሻ 2.5 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው፣ ጠዋትና ማታ፣ ወለላ ግን 3.1 ኪሎ ብቻ ሆና ኩላሊቷም ስለሚያሳስበኝ እኔ ብሆን በ1.25 ሁለቴ ነው የምጀምራት፣ መጠኑን የሚወስነው ግን አይቶ የዳሰሳት ሐኪም ነው። የሰው 5 ሚሊግራም ክኒን ከሆነ አራት ቦታ ትከፈላለች፣ ክኒን መቁረጫ ግዙ፣ በቢላ ስትሉት ግማሹ ዱቄት ይሆናል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች እሷ አትንካው፣ ሌላውም በጓንት ይያዘው፣ የወለላን አሸዋም ነፍሰ ጡር አታጽዳው።

አሰጣጡን እናትሽ ያውቁበታል ብዬ ነው የማምነው ግን አንድ ዘዴ ልንገርሽ፣ ትንሽ ጉበት ቀቅለሽ ሦስት ቁራጭ አድርጊ፣ የመጀመሪያውን ባዶውን ስጫት፣ ሁለተኛው ውስጥ ክኒኑ አለ፣ ሦስተኛውን ከአፍንጫዋ ሥር አሳያት፣ ሦስተኛውን ለማግኘት ስትል ሁለተኛውን ሳታኝክ ነው የምትውጠው። እንዲህ የራባት ድመት ላይ መሥራቱ አይቀርም። ጉበቱ ቀይ ወጥ ያልነካው ይሁን፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ሴል ያፈርሳል፣ ወጥ የነካ እንጀራ መስጠቱንም በዚሁ ተዉት። እናትሽ ጾም ላይ ከሆኑ ደግሞ ወለላን አብረው አያስጹሟት እባክሽ፣ የዐቢይ ጾሙን 55 ቀን በሽሮ የምታሳልፍ ድመት አይቻለሁ፣ ድመት ሥጋ ካልበላች ታውሪን የሚባለው ያንሳትና ዓይኗንም ልቧንም ትታመማለች፣ ልቧ ለተነካ ድመት ደግሞ የባሰ ነው።

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ያለው ነው ዋናው ሥራ፣ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ደሟ እንደገና ይታይ፣ ቲፎር፣ ክሬቲኒን፣ የደም ሴል ቆጠራ። ቲፎሩ እንዲወርድ የምንፈልገው ወደ ድመት ክልል ታችኛው ግማሽ ነው፣ ከ1 እስከ 2.5 ብትሆን ጥሩ ነው፣ ከ1 በታች ከወረደ ግን መጠኑ በዝቷል፣ ያ ደግሞ በራሱ ኩላሊትን ይጎዳል። ልክ እስኪመጣ ድረስ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ፣ ከዛ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ። ላብራቶሪው ያው የከተማው ከሆነ ዕድሜ 13 ጾታ ሴት እያሉ እንዳይመዘግቡ ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ድመት» ብለሽ ጻፊ፣ የእነሱን ኖርማል የሚለውን ተዪው፣ ቁጥሩን ብቻ ለሐኪሙ አሳዪ። ሁሌም እዛው ላብራቶሪ ይሁን፣ ማሽን ሲቀያየር ቁጥሩም ይቀያየራል።

የጎን ጉዳቱ በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ትንሽ ማስመለስ፣ ምግብ መተው፣ መደበት የተለመደ ነው፣ መጠን ቀንሶ ቀስ እያሉ መጨመር ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ፊቷንና አንገቷን ደም እስኪወጣ መፎከት ከጀመረች፣ ዓይኗ ወይ ጆሮዋ ውስጡ ቢጫ ከሆነ፣ ወይ ድዷ ከደማ ግን ክኒኑን አቁማችሁ ወዲያው ለሐኪም ደውሉ። እንደዚህ ከሆነች ያንኑ መድኃኒት በሌላ ስም ወይ ጆሮ ላይ በሚቀባው መልክ ቀይሮ መስጠት አይሠራም፣ ችግሩ ራሱ መድኃኒቱ ነውና። የጆሮው ቅባት የሚጠቅመው ሆዷን ብቻ ለሚረብሻትና ክኒን አልውጥም ለምትል ድመት ነው።

ሌሎቹ ሕክምናዎች፣ ስለምትሰሙ ብቻ ልናገር። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን በአንድ መርፌ ከመቶ 95 የሚሆኑትን ይፈውሳል፣ ምርጡ እሱ ነው፣ ግን ድመቷ ጨረሩ እስኪቀንስ ተለይታ የምትቀመጥበት የተፈቀደለት ክፍል ይፈልጋል፣ ለሱሉልታዋ ወለላ እሱን አሁን አታስቡት። ቀዶ ሕክምናም አለ፣ እጢው ይወጣል፣ ችግሩ ከታይሮይዱ ጋር የተጣበቁ ካልሲየም የሚቆጣጠሩ ኢምንት እጢዎች አሉ፣ እነሱ ከተነኩ በቀዶው ማግስት እስከ ሦስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ድመቷ ትንቀጠቀጣለች፣ ትወድቃለች። በዚህ ላይ ልቧ በ240 የሚሮጥ ድመት ማደንዘዣ ላይ አላጋድምም፣ መጀመሪያ በክኒን ካረጋጋኋት በኋላ እንጂ። አዮዲኑ የተቀነሰ የፋብሪካ ምግብም አለ፣ ይሠራል፣ ግን ሌላ ነገር ጭራሽ መቅመስ የለባትም፣ ጎተራ ሥር አይጥ የምታድን ድመት ደግሞ ይሄን አትጠብቅልሽም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ውሰዷት። በዕቃ መያዣ ካርቶን ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጋችሁለት፣ ውስጡ የእናትሽን አሮጌ ጋቢ አንጥፉ፣ ጆንያ ውስጥ አስራችሁ በባጃጅ እንዳታመጧት፣ ሙቀቱም ጭንቀቱም ለልቧ መጥፎ ነው፣ አፏን ከፍታ ማለክለክ ከጀመረች ቁሙና አየር ስጧት። ሱሉልታ የሚያያት ሐኪም ልቧን በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ አንገቷን የሚዳስስ ከሆነ ይበቃል፣ ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ ቢሾፍቱ ያለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ከተማውን አቋርጦ መሄድ ቢሆንም። ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ስትተኛ ደረቷን እያየሽ ትንፋሿን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሪ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ልቧ ውሃ እየቋጠረባት ሊሆን ስለሚችል ሳምንቱን አትጠብቁ፣ ነገ ጠዋት ውሰዷት። ኪሎዋንም ጻፊ፣ ሚዛን ከሌለ እናትሽ ይዘዋት ይመዘኑ፣ ከዛ ብቻቸውን፣ ልዩነቱ የወለላ ነው።

ሐኪሙ አንገቷ ላይ ያገኘውን ንገሪኝ፣ የሳንባውንም ነገር ሥጋ ቤቱን ጠይቂና ከነጉሮሮው መሆን አለመሆኑን ጻፊልኝ።